አልቅት ነው አሉት

ጌጡን ይቅር አላልኩትም። ሰው ሁሉ «ለአንድ ሳፋ ውሃ ብለሽ ስንት ዓመት ታኮርፊያለሽ?» ይለኛል። ያኮረፍኩት ለሳፋው አይደለም፤ ሳፋው ውስጥ ለነበሩት ነው።

እኛ ሰፈር፣ ከጓሳ ተራራ ቁልቁል ባለው ሜዳ፣ አንድ ምንጭ አለ። ከላይ ሰው ይቀዳል፤ የተረፈው ወርዶ ኩሬ ይሆንና ከብት ይጠጣበታል። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ሰፈሩ ወጥቶ ኩሬውን ይጠርጋል። መጥረጉ ደግ ነው። ግን ከሣሩ ሥር ያን የሚያዳልጠውን፣ ውሃ እንደ ጠጣ ተልባ የተያያዘውን ነገር ባዩ ቁጥር «የአልቅት ዘር!» ይሉና በአካፋ እየዛቁ ፀሐይ ላይ ይዘረግፉታል።

ቤቴ ከኩሬው አጠገብ ነው። ያን ነገር ማን እንደምትጥለው በዓይኔ አይቻለሁ። ጓጉንቸር ናት። ይህን ብናገር ማን ይስማኝ? ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፣ ባሌ ሞቷል፣ ስብሰባ ላይ ስነሣ ወንዶቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ስለዚህ ከኩሬው ጥቂት ቀድቼ በሳፋ አስቀመጥኩ። ጭራ ያላቸው ጥቋቁር ነገሮች ተፈልፍለው መዋኘት ሲጀምሩ የዕድሩን ዳኛ ጌጡን ጠራሁት።

ጎንበስ ብሎ አየ። «ይኸው! አልቅትሽን ቀልበሽ አሳደግሽ!» አለና ሳፋውን በእግሩ ገለበጠው። አመድ ላይ እየተንፈራገጡ ደረቁ። እሱ እየሳቀ ሄደ።

በዓመቱ ደግሜ ያዝኩ። አሁን ግን በሬን ዘግቼ እግር እስኪያወጡ ጠበቅኋቸው። የጌጡን ሚስት አስካለ ማርያምን ጠርቼ አሳየኋት።

«በስመ አብ! እግር! ይቺማ ጓጉንቸር ናት!» አለች አፏን ይዛ።

«ለባልሽ ንገሪው።»

ነገረችው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጓጉንቸርም ብትሆን አልቅቱን በጀርባዋ አዝላ የምታመጣው እሷ ናት።» እንዲህ ያለውን ሰው በምን ታስረዱታላችሁ? ፊት አልቅት ነበረች፣ ኋላ የአልቅት ሞግዚት ሆነች! ከዚያ ወዲህ «የጓጉንቸር አዋላጅ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ሞላሌ ገበያ ድረስ ተከተለኝ።

«ምን ትጠቅመናለች?» ይሉኛል። ትንኟን ስትለቅም ቆመው አይተዋት አያውቁም። ደግሞስ ባትጠቅምስ? እግዜር ሲፈጥራት ጌጡን ማስፈቀድ ነበረበት? የታችኛውን ረግረግ ባሕር ዛፍ ሲያደርቀው የዚያ የጓጉንቸር ጩኸት ጠፍቶ ቀርቷል። የቀረን ይኸው ኩሬ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቴን የሚሞላው የእነሱ ድምፅ ነው።

ዘንድሮ የጌጡ በቅሎ አልቅት ጉሮሮዋ ውስጥ ገብቶ ደም ስታነጥስ ከረመች። ትንባሆ ዘፍዝፈህ በአፍንጫዋ አንቆርቁርላት ብዬ ብመክረው፣ «የአዋላጅ መድኃኒት ይቅርብኝ» አለ። ሞተች። አዝኛለሁ፣ ጥሩ በቅሎ ነበረች። እሱ ግን ንዴቱን ኩሬው ላይ ሊወጣ ተነሣ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመና፣

«ሐሙስ ኩሬው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል፤ አልቅቱም ጓጉንቸሩም አብሮ ይጥፋ። ለአንድ ሳምንት ከብት እንዳታወርዱ!» አለ።

መድኃኒት የሚለው ለገብሱ አረም የገዛውን መርዝ ነው።

ተነሣሁ። «ጌጡ፣ እነዚህ ካለቁ ከየት ታመጣቸዋለህ?»

«ይለቁ! እግዜር ያወረደው መቅሠፍት አይደል ጓጉንቸር? አባ፣ ኦሪት ላይ የለም?»

ቄሳችን አባ መልከ ጼዴቅ ፂማቸውን እያሻሹ «አለ እንጂ። በፈርዖን ላይ ነው የወረደው» አሉ።

«ታዲያ አንተ ፈርዖን ነህ?» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አንድም ሰው «ተው» አላለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አባን ተከትዬ «አባቴ፣ እርስዎ ያስቁሙልኝ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ለጓጉንቸር ብዬ ከዕድር ዳኛ ጋር ልጣላ?» አሉኝ። እሳቸው ካልተጣሉ እኔ እጣላለሁ።

ሐሙስ ማለዳ ቀድሜው ኩሬው ዳር ቆምኩ። ጌጡ ቦቲውን አጥልቆ፣ የመርዙን ጠርሙስ ይዞ መጣ። ከኋላው የሰፈሩ ወንዶች አሉ። አስካለ ማርያም ከሴቶቹ ጋር ከላይ ውሃ ትቀዳለች።

«ዘወር በይ፣ አዋላጅ።»

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቀጥ አለ። እኛ አገር ይህን ሰምቶ እርምጃ የሚጨምር ሰው ሕግ ደፋሪ ይባላል።

«በምን ጉዳይ?»

«አፍ የሌላትን ነፍስ ልትፈጅ ነው። ስለ እሷ እኔ ከስሼሃለሁ። ሽማግሌ ፊት እንሂድ።»

«ነገ እንሄዳለን» አለና ክዳኑን መፍታት ጀመረ።

ነገማ ኩሬው ይገማል። አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፣ ዳኛ እስኪፈታው ድረስ ቋጠሮውን ማንም አይነካውም። የጋቢውን ጫፍ ሳብኩና ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ደግሜ ቋጠርኩት። በጥርሴም አጠበቅሁት።

«አብደሻል? ፍቺ!»

«ሕግ ደፋሪ መባል ካላስፈራህ አንተው ፍታው።»

ዞሮ ወንዶቹን አየ። አንደኛው ሽማግሌ ራሱን እያከከ «ጌጡ፣ በሕግ አምላክ ብላለች እኮ። ደግሞ ቋጥራለች» አለው። ሌላው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

አስካለ ማርያም ጀሪካኗን አስቀምጣ ወረደች። ጠርሙሱን ከባሏ እጅ ወሰደችና ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። «እኔ ጋ ይቆያል። ሂዱና ተሟገቱ» አለች።

ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት የጽድ ዛፍ ዳገቱ ላይ ነው። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ተያያዝነው።

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ ጋቢዬ ይቀደዳል!»

«ይቀደድ» አልኩና ጎተትኩት።