ከሰው ዓይን የተሸሸገው ውርንጭላ

አጎቴ ኦቦ ፈየራ ከጌዶ ደውለው «ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ግን ከግድግዳ ይላተማል። የዓይን ጠብታ ይዘህ ና» ሲሉኝ ሕፃን የታመመ መስሎኝ ከአምቦ እየሮጥኩ ሄድኩ። የታመመው ግን የፈረስ ውርንጭላ ነበር።

የእናቱ የባዝራዋ የፊተኞቹ ውርንጭሎች ሳይጠነክሩ ሞተዋል። የሰው ዓይን ነው የበላብን ብለው ይኼኛውን ከተወለደ ጀምሮ ጋጣ ውስጥ ሸሸጉት፤ መስኮቱን በጭቃ መረጉት። እናቱ ሲመሽ ትገባለታለች። በጥር የተወለደው ፀሐይ ላይ የወጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ባዝራዋ አርጅታለች፤ ሌላ አትወልድም። በሰርግ ሁሉ ፊት ይመራ የነበረው የኦቦ ፈየራ ቤት የፈረስ ዘር በዚህ ካልተተካ አበቃ።

ባትሪ አበራሁበት፤ ብሌኑ ጠበበ። እጄን ወደ ፊቱ ሰነዘርኩ፤ ዓይኑን አላርገበገበም።

«ጠብታ አያድነውም» አልኩ። «ዓይኑ ደህና ነው። ማየት የሚማረው አንጎሉ ነበር፤ የሚማርበት ጊዜ ጨለማ ውስጥ አለፈ።»

«ማየትም ትምህርት ቤት አለው?» አሉ ሚስታቸው እትዬ ወለተ ማርያም።

ውጭ አገር ስለ ዓይንና አንጎል ስማር ስላየኋቸው የድመት ግልገሎች ነገርኳቸው። ገና ሕፃን ሳሉ የዓይናቸው ቆብ ተሰፋ፤ ካደጉ በኋላ ሲፈታ ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ ግን አያዩበትም።

«ለምን ሰፋችኋቸው?»

«ለማወቅ።»

«እኛስ ለማትረፍ ነበር» አሉ።

ኦቦ ፈየራ ተቆጡ። «አንተ የምታውቀው ድመት ነው። ፈረስ አጥንተሃል?»

«አላጠናሁም።»

«እንግዲያው አታውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ድመት ዓይኗን ጨፍና ትወለዳለች፤ ፈረስ ግን በተወለደበት ቀን እያየ ይቆማል። ምናልባት ይኼም አንድ ቀን አይቶ ይሆናል። ተሳስቼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ውርንጭላው ውጭ የታሰረበትን ገመድ ፈቱት። ባዝራዋ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች። ውርንጭላው ጆሮውን አቅንቶ ወደ ድምፅዋ ሮጠና የአጥሩን በር ምሰሶ በደረቱ መትቶ ወደቀ። ተነስቶ እንደገና ሮጠ፤ አጥሩ አቆሰለው። ከዚያ ወዲያ ብትጠራውም አልሄደም፤ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

ባለጋሪው ቀንዓ ከመንገድ ቆሞ ያያል። «ለኔ ይስጡኝ፣ ኦቦ ፈየራ። እኛ እንደሁ ዓይኑን ጋርደን ነው የምንነዳው።»

የሳቀ የለም። እትዬ ወለተ ማርያም አንገቱን አቅፈው ጋጣው በር ላይ ለቀቁት። ገባ። ጨለማ ውስጥ ምሰሶውን ዞሮ፣ ምንም ሳይነካ፣ ግርግሙ ጋ ደርሶ መብላት ጀመረ።

«ይኸው፣ ያያል» አሉ ኦቦ ፈየራ።

 ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ስንት ዓመት ይኖራል?» አሉኝ።

«እንደ ማንኛውም ፈረስ።»

«እንደ ማንኛውም ፈረስስ አትበለኝ፣ ልጄ» አሉና የጋጣውን በር ዘጉት።