ሦስቱ ጥቁር ለባሾች

እዚህ ሰው አገር፣ የክላርክስተን ከተማ ሐበሻ ስለ አይስ ሆኪ ምን ያውቃል? ምንም! ዮናታን ገሠሠን ግን የማያውቅ የለም። በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጥቁር ክብ ጎማ በዱላ የሚያሳድዱበትን ያን የእብድ ጨዋታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጫወት ያደገ፣ ዘንድሮ በኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ጎሉን በላይ በላዩ ያዘነበው እሱ ነው። የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተመርጧል። ዋንጫውን የሚቀበለው ዛሬ፣ ጎረቤት ከተማ ዱሉዝ ውስጥ ከሚደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በኋላ ነው።

ደስ ሊለው ሲገባ ቁጭ ብድግ ይላል። እናቱ ትዕግስት አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። ከልጅነቱ ጀምሮ ከጨዋታው አንድም ቀን ቀርታ የማታውቅ እናት! እንዴት ሆነች ሲል መልሱ ያው ነው፤ «ደህና ናት፣ አንተ ጨዋታህ ላይ አተኩር።» የእኛ ሰው እኮ ስለ በሽተኛ እውነቱን በስልክ ቢናገር ምላሱ የሚቆረጥ ይመስለዋል! አያቱ አቶ ጎሹ ያረፉ ጊዜም እንዲሁ ተቀብረው እንኳ «ደህና ናቸው» ሲባል ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን አባቱ ገሠሠ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ብርሃነመስቀልና ጎረቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ጥቁር ለብሰው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡና አረዱት።

ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ለአንድ ሆኑ። ዮናታን ትንፋሹን ሊሰበስብ ተጠባባቂዎቹ ጋ አረፍ ብሎ ቀና ሲል፣ በተመልካቹ በር ሦስት ሰዎች ሲገቡ አየ። አባቱ፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ እትዬ ገበያነሽ። ሦስቱም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል።

ክው አለ። አባቱ ከኢስት ፖይንት እስከ ኤርፖርት የመንገደኛ ሻትል ሲነዳ የሚውል ሰው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጨዋታ አይቶለት አያውቅም። ታዲያ ዛሬ ምን አመጣው? ያውም ሽማግሌ አስከትሎ? እማዬ ሞታለች፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ነው የሚጠብቁት አለ በልቡ።

አሠልጣኙ ግባ ሲለው ገባ። ግን ምኑን ተጫወተው! ያገኘውን ሁሉ ይገፋ ጀመር። ዳኛው ጥፋተኛ በሚቀመጥባት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ከተተው። እዚያም ሆኖ ዓይኑን ከሦስቱ አልነቀለም። ብርዱ የጠናባቸው እትዬ ገበያነሽ በጥቁር ነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሲሸፍኑ፣ እያለቀሱ መሰለው።

ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት አሁንም እኩል ናቸው። አሠልጣኙ «ዮኒ፣ ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ዮናታን ተነሣ፤ ወደ በረዶው ግን አልገባም። የኋላውን በር በርግዶ፣ ከነመንሸራተቻ ጫማው እየተደናቀፈ ደረጃውን ወጥቶ ሦስቱ ፊት ቆመ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«ማን?» አለ ገሠሠ።

«አባዬ፣ በናትህ አትደብቀኝ! እማዬ!»

ጋሽ ብርሃነመስቀል አማተቡ። እትዬ ገበያነሽ ግን ቱግ አሉ። «ኧረ ምን ዓይነት ሟርት ነው! እናትህ ከሆስፒታል ወጥታለች። ልጄ ዋንጫ ሲቀበል ብቻውን እንዳይቆም ብላ በግድ የላከችን እሷ ናት!»

«ጥቁሩስ?»

«ፎቶህ ላይ ሁሉ ጥቁር ማሊያ ነዋ የለበስከው! ልንደግፍህ ነው እንጂ። ዛሬ ነጭ እንደምትለብሱ ማን ነገረን?» አሉ እትዬ ገበያነሽ።

ዮናታን አላመነም። ገሠሠ በስልኩ ቪዲዮ ደወለ። ትዕግስት ብቅ አለች፤ ከስታለች፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን እሷው ናት።

«አንተ! ጨዋታ አቋርጠህ ስልክ? ውረድ!»

እንባው ዱብ ዱብ አለ። እየሳቀም እያለቀሰም ቁልቁል ሲሮጥ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ተጋጣሚዎቹ አገቡ። የቀረችው ሰዓት ለምንም አልበቃችም።

የኮከቡን ዋንጫ ሲቀበል የቡድን ጓደኞቹ ዓይኑን እንኳ አላዩትም። እትዬ ገበያነሽ ብቻቸውን እልልታውን አቀለጡት።

ፓርኪንግ ሎት ሲደርሱ ገሠሠ መኪናውን ሳይከፍት ቆመ።

«ልጄ፣ እኔን ስታይ የታየህ ሞት ነው?»

ዮናታን ሊዋሽ ፈለገ፤ አልሆነለትም። «መጥተህ አታውቅማ፣ አባዬ። ላይክ፣ አንዴም።»

ገሠሠ ቁልፉን ከእጅ እጅ አገላበጠ።

«እሺ፣ ቀጣዩ መቼ ነው? ኦፍ እጠይቃለሁ። ሥራው ይቅር፣ እመጣለሁ።»

ዮናታን አባቱን ማየት አቃተው።

«አለቀ እኮ፣ አባዬ» አለው። «የመጨረሻዬ ነበር።»