ከተነሳበት ቀን ጀምሮ

ዓሣ አስጋሪዎቹ «ኮሚቴው» ይሉታል፤ አንድ ራሱን ሆኖ እንደ ሰባት ሰው ስለሚሰበሰብ። ጫማ ለመግዛት ሦስት ወር አውጥቶ አውርዶ በመጨረሻ ጠባብ ጫማ ይዞ እንደገባ የሚያወራው ራሱ ነው። ራሱን በማማት የሚቀድመው የለም። የሞተሩን ታሪክ ሲያወራ ግን መሐል ላይ ሳቁ ይቋረጣል።

ጀልባዋ የእሱና የታላቅ ወንድሙ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ታላቁ በቀኝ፣ እሱ በግራ ሆነው ቀዝፈዋታል። በኋላ የታላቁ ትከሻ እምቢ አለ። ሐኪሙም ሳይሸፋፍን፣ «መቅዘፍ ያቁሙ፤ አለዚያ ክንድዎን ይሰናበቱ» አለው። ሞተር መግዛት ግድ ሆነ፤ ምርጫው ለኮሚቴው ተሰጠ። ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ኮሚቴው ደብተር ገዝቶ መስመር አሰመረ። በአንድ ወገን ሁሉም ጀልባ ላይ ያለውን፣ ጭስ እየተፋ የሚያጓራውን የድሮ ሞተር፣ በሌላው ወገን ድምፁ እምብዛም የማይሰማውን አዲሱን ጻፈ። ከዚያ የሰፈሩን የጀልባ መካኒክ በጥያቄ ሥራ አስፈታው።

«የትኛው ነው የማይበላሸው?»

«ሁሉም ይበላሻል። ይሄ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው እኔ ጋ አለ» አለ መካኒኩ፣ የድሮውን በእግሩ ነካ አድርጎ።

«ዋስትናውስ?»

«ዋስትናው እኔ ነኛ!»

ለዚህ መልስ ደብተሩ ላይ ቦታ አልተገኘለትም። አዲሱ የአምስት ዓመት ዋስትና ነበረው፤ አምስት ቁጥር ነው፣ ይጻፋል። አዲሱ ተገዛ።

ኮሚቴው የዋስትናውን ወረቀት አንብቦ የጨረሰው ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። አምስቱ ዓመት ለካ ለመዝናኛ ጀልባ ኖሯል። ዓሣ አስግሮ ለሚተዳደር ሰው ሦስት ወር ብቻ፣ ያውም ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ። ሱቅ ሄዶ ሲነጫነጭ ሻጯ እየሳቀች፣ «ታዲያ አያስነሱታ!» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ መሆኑ ይገባው ነበር።

ኮሚቴው ግን ተሰብስቦ ወሰነ። ሦስቱ ወር በከንቱ እንዳያልፍ፣ ሞተሩ የሚነሳው ዓሣው በብዛት የሚገኝበት ወቅት ሲደርስ ይሆናል፤ እስከዚያው በሸራ ተሸፍኖ ይቆያል። ወንድማማቾቹም ሞተር ጭነው መቅዘፍ ቀጠሉ፤ ጀልባዋ ደግሞ ከድሮዋ ከብዳለች።

«ዛሬም ሞተሩን ሽርሽር ወሰዳችሁት?» ይላሉ ዳር የቆሙት። ኮሚቴው አብሯቸው ይስቃል። ታላቁ ግን ከንፈሩን ነክሶ ይቀዝፋል።

«ትንሽ ቀን ታገሠኝ፣ ጋሼ።»

«እሺ፤ መቼም አንተ አንብበኸዋል።»

ታላቁ ከልቡ ያምነው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቁ ቀረ። ኮሚቴው ጠብቆ ጠብቆ ፍለጋ ሲወጣ፣ ውኃው ዳር ባለው የበረዶ መጋዘን በር ላይ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ አገኘው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል።

«ሸሚዜን ማውለቅ አቃተኝ፤ ልጄ ናት ያወለቀችልኝ» አለ ታላቁ። «እዚህ ሥራ ሰጡኝ። አንተን ላለማስቸኮል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ኮሚቴው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሮጦ ጀልባዋ ላይ ዘለለ፤ ሸራውን ገፎ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ጀልባዋን መጋዘኑ ፊት ለፊት አመጣት።

ታላቁ እስከ ውኃው ጠርዝ መጥቶ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ባንዴ ነው የተነሳልህ?»

«ባንዴ ነው፣ ጋሼ። ና ግባ፤ ከእንግዲህ መቅዘፍ የለም።»

«ጥሩ መርጠሃል» አለ ታላቁ፣ ምንም ሳያሾፍ። «ድምፁም አይረብሽም።»

በዚህ መሐል የጭነት መኪና ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። ታላቁም በግራ እጁ በሩን ሊከፍት ተመለሰ።