የእቴነሽ እጅ

«ኧረ እቴነሽ፣ በእግዜር አታስቂኝ፣ ጎኔን!»

የባሏ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ሲመጣ ሳህሊቱ ለብ ያለውን ውሃ እንደያዘች ቆመች። ከራሷ ከሳህሊቱ ጋር ከሳቀ ቆይቷል።

ይልቃል የአሰበ ተፈሪ ቴሌግራፍ ቤት ሠራተኛ ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚሉት የቆዳ በሽታ ከጀርባው ተነስቶ የግራ ጎኑን ሲያቃጥለው ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ከባሏ ጋር የምትተኛ ሴት ጠረኗ ቁስሉን ያመረቅዘዋል አሉ። ሳህሊቱ መኝታዋን ወደ ጓዳ ወሰደች፤ ማጠቡም ባሏ ለሞተባት ለጎረቤቷ ለእቴነሽ ተሰጠ። አሁን ቅርፊቱ ረግፏል። እቴነሽ ግን መምጣቷን አልተወችም።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማጥበው።»

እቴነሽ ከበርጩማው ተነሳች። «እሰየው! እኔማ ጠላችው እንዴ ብዬ ነበር።»

ሳህሊቱ አልሳቀችም። ጨርቁን ነክራ ቀዩን ቆዳ ገና ዳበስ ስታደርገው ይልቃል ጮኸ።

«ቀስ! ድስት ነው እንዴ የምትፈትጊው?»

«የእሷ እጅ አያምህም፤ የእኔ ብቻ ነው የሚያምህ?»

«እሷ መች ትነካኛለች!»

እቴነሽ ጥጥ ነክራ ከጎኑ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ጣቷ ቆዳውን አልነካም።

«አዲስ ቆዳ እንዲህ ነው» አለች። «ጨርቅ ሲያሸው ያቃጥላል። መጥረግም የለም፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።»

«ማን አስተማረሽ?» አለች ሳህሊቱ።

«ባሌ። የመቻራ መንገድ ላይ መኪናው ተቃጥሎ ያመጡልኝ ጊዜ።»

ሳህሊቱ ጥጡን ተቀበለቻት። ይልቃል ዐይኑን ጨፈነ፤ አልጮኸም። እፎይ ልትል ሲገባት ቅናቷ ግን አልበረደም። የቀናችው በእቴነሽ እጅ መስሏት ነበር።

«እቴነሽ» አለ ይልቃል ዐይኑን እንደጨፈነ፣ «የቦርደዴዋን ሙሽራ ወሬ እኮ አልጨረስሽልኝም።»

«ነገ ጠዋት እጨርስልዎታለሁ፣ ጋሽ ይልቃል።»

ሳህሊቱ እስከ በር ሸኘቻት። ሁለተኛ አትምጪ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የእቴነሽን ፊት አየችና የተቃጠለ ባሏን ማጠቧን አስባ ተወችው።

«ጠዋት አትድከሚ» አለቻት። «ከሰዓት ነይ፤ ወሬውን እኔም ልስማው። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጎኑን የማያሸውን ሰፊ ሸሚዝ ካለበስኩት በኋላ።»