ስህተት የማያሳልፈው መምህር

ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር አንዲት የተሳሳተች የመደመር ምልክት አይቶ ያለፈበት ቀን የለም። ሚስቱ በስልክ የላከችለትን መልእክት እንኳ ሳያርም አይመልስም፤ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲውን የገዛው ድርጅት በየመምህሩ ድምፅ የሚያስተምር መሣሪያ ሲያመጣ፣ የሒሳቡን መሣሪያ ስህተት ማረም ለእሱ ተሰጠው። ዲኑ ነገሩን በማር ለውሶ ነው ያቀረበለት፤ መሣሪያው ረዳት ብቻ እንደሆነ፣ ማንም ከሥራው እንደማይነሳ ምሎ ተገዝቶ ነገረው። መምህሩ ግን ቂል አይደለም። መሣሪያው የጎበዘ ዕለት ለእሱ እንዳበቃለት ልቡ ያውቀዋል።

ቢሮ የሚጋራው የኬሚስትሪ መምህር መላውን ሹክ አለው። እሱ የራሱን መሣሪያ ስህተት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ተማሪዎቹም ግራ ሲገባቸው ተመልሰው እሱኑ ይጠይቃሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተወው ይሳሳት። ምን አገባህ?»

«እሺ» አለ መምህሩ። ከልቡ ነበር።

መሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ግን አመሉ አላስቀምጥ አለው። አንድ ስሌት ላይ በዜሮ አካፍሎ ዘና ብሎ ሲያልፍ አየ። ስክሪኑን ዘጋ። ተነስቶ ውሃ ጠጣ። ተመልሶ ከፈተና አረመው። ካረመ አይቀር የሚቀጥለውንም አረመ፤ ጭራሽ ሰነፍ ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ፣ እንዴት ቢነገረው እንደሚገባው ሁሉ አስተማረው። ደግሞ ደስ አለው፣ እግዜር ያሳያችሁ። ከሰው ተማሪዎቹ አንዱም እንዲህ ሰምቶት አያውቅም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲኑ ጠራውና እጁን ጨበጠው። የሒሳቡ መሣሪያ ከሁሉም ልቆ በመገኘቱ ትምህርት ክፍሉ ከእንግዲህ ሰው አያስፈልገውም አለው። የኬሚስትሪውስ ብሎ ቢጠይቅ፣ ያኛው ገና ስለሚሳሳት የዚያ መምህር እንደሚቆይ፣ እንዲያውም እድገት እንዳገኘ ነገረው።

ቤቱ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ሴት ልጁ ክፍል ሄደ። እሷም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት ራሱ ሊነግራት ፈልጎ ነው። ከበሩ ጀርባ የገዛ ድምፁን ሰማ። ረጋ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ደጋግሞ ያስረዳል። እሱ ሒሳብ ሲያስጠናት አንድም ቀን ሳታለቅስ ተነስታ አታውቅም። በሩን ከፈተ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ከሥራ...»

ዞር ብላ ሳታየው በእጇ ቆይ አለችው።

«አባዬ፣ ትንሽ ዝም በል፤ መምህሬን አላሰማ አልከኝ።»