የፀጉር ሠሪዋ ቀኝ እጅ

በሆስፒታሉ የማገገሚያ ክፍል፣ አሠልጣኟ ሜትሩን ከፀጉር ሠሪዋ ክንድ ላይ ፈትታ እንደገና ጠመጠመችው። ቁጥሩን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ምን አድርገሽው ነው?"

"ኧረ ምንም!"

ምንም! እጁ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ ቀልቷል፣ እሷ ምንም ትላለች። ውሸት ደግሞ አልፈጠረባትም፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቀረች።

ጡቷ በካንሰር ከተቆረጠ ወዲህ፣ የብብቷ ንፍፊቶች አብረው ስለወጡ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ቀኝ እጇ ላይ ይጠራቀማል። መጀመሪያ "ምንም ነገር እንዳታነሺ" ተባለች። ታላቅ እህቷ ይህን እንደ ሃይማኖት ይዛ ብርጭቆ እንኳን ትነጥቃት ጀመር። ተጠብቆ ተጠብቆ እጁ አበጠም፣ ሰለለም። ይቺ አሠልጣኝ ግን ነገሩን ገለበጠችው። "ያልሠራ እጅ ይሰንፋል። ጠበቅ የሚያደርገውን የላስቲክ እጅጌ አጥልቀሽ፣ ከትንሽ የውሃ ጠርሙስ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ማንሳት ነው" አለቻት። እውነትም ሰነባብታ ሙሉ ማንቆርቆሪያ አነሳች። የዚያን ቀን ደስታዋ! ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቤቱን ዞረች።

ጉዱ የመጣው እትዬ የሚሏቸው የሳሎኑ ባለቤት ሲደውሉ ነው። "ወንበርሽን ይዤልሽ ቆይቻለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ግን ሌላ ሰው ላስገባ ነው" አሉ። ከፀጉር ሌላ የምታውቀው ሙያ የላትም።

"የማነሳው የፀጉር ማድረቂያ ፎን አይደል እንዴ?" አለች ለራሷ። "ታዲያ በውሃ ጠርሙስ ምን አለፋኝ!" እህቷን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ፎኑን አስነስታ በየቀኑ ትተኩሳት ጀመር። እህቷም ፀጉሯ ሲያምርላት ክልከላውን እርግፍ አድርጋ ረሳችው። ሙቀቱ ሲበረታ እጅጌው አሳከካት፤ አወለቀችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ሁሉንም ተናዘዘች።

"የጎዳሽ ክብደቱ አይደለም" አለች አሠልጣኟ። "ሙቀቱ ነው፤ በዚያ ላይ እጅጌው የለም። ምነው ብትጠይቂኝ እህቴ?"

"ብጠይቅሽማ ትከለክይኝ ነበር።"

"አዎ፣ እከለክልሽ ነበር።"

"ሲሻለኝ ግን እመለሳለሁ አይደል? ሳሎን?"

አሠልጣኟ ሜትሩን ጠቀለለች። "አልዋሽሽም። እብጠቱ በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል፤ ጉልበትም ታገኛለሽ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሙቀት ውስጥ መቆም ግን የሚሆንልሽ አይመስለኝም። ዛሬ ምንም አናነሳም፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው።"

እንዴት እንደተነሳች ሳታውቀው ኮሪደሩ ላይ ወጣች። እህቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃት ነበር፤ የተተኮሰው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘናፍሏል።

"አላልኩሽም?" አለች ነገሩን ስትሰማ። "ክብደት ማንሳት የወንድ ነው! ከእንግዲህ ማንኪያ አታነሺም!"

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"እትዬ፣ ወንበሩን ለሰው ይስጡት።"

"ምነው ልጄ? ትንሽ ብታገስሽ እኮ…"

"አይታገሱኝ። አልመጣም።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እግዜር ይማርሽ" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበረ። ከሁሉም የባሰ ያመማት እሱ ነው።

"በቃ ተገላገልሽ" አለች እህቷ ብድግ ብላ። "ለሐኪሙ አሳይተን ወደ ቤታችን እንሂድ። ሁለተኛ እዚህ ቤት አትደርሺም።"

ፀጉር ሠሪዋ ግን ዞር ብላ በሩን ከፈተችው።

"ቀጣዩ መቼ ነው?"

አሠልጣኟ ደንገጥ ብላ አየቻት። "ሐኪሙ ከፈቀደ ሐሙስ። ግን ከባዶ እጅ ነው የምንጀምረው።"

"ወንበሩን ሰጥተሽ!" ጮኸች እህቷ ከኋላ። "ከእንግዲህ ምን ሊያደርግልሽ ነው?"

"ወንበሩማ ሄደ" አለች ሳትዞር። "እጁን የት እጥለዋለሁ?" ከዚያ ለአሠልጣኟ፣ "ሐሙስን ያዥልኝ" አለቻት።