የረጋ ውሃ ዓሦች

ኤሊኖር በጥቅምት ስትሞት ለባሏ ለሆልገር ሁለት ነገር ትታለት ሄደች፤ ልጃቸውን ሲድሰልንና ሳሎን መስኮት አጠገብ ያለውን የመስታወት ገንዳ። ሁለቱንም እንዴት እንደሚይዛቸው አያውቅም ነበር።

ገንዳው ውስጥ ከጣት አንጓ የማይበልጡ ዓሦች ይኖራሉ። ገላቸው ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የተደራረበበት ነው፤ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጅራታቸው መሐሉ ቀይ ዳሩ ሰማያዊ ሆኖ የሻማ ነበልባል ይመስላል። ወደ ታች አይወርዱም። ውሎ አዳራቸው ከውሃው ገጽ ሥር፣ ኤሊኖር ካንሳፈፈችው ቅጠል ጥላ ውስጥ ነው። አፋቸው እንኳ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፣ ከላይ የሚወድቀውን ለመቅለብ።

ሆልገር ዕድሜውን ሙሉ በኤስብየር ወደብ የመርከብ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በእሱ ቤት ዝም ያለ ሞተር የተበላሸ ሞተር ነው። ከቀብሩ በኋላ ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ቢያይ ውሃው ንቅንቅ አይልም።

«ይሄማ ኩሬ ነው! ምስኪኖች፣ ታፍነው ሊያልቁ ነው» አለ።

ወዲያው ወጥቶ ጉልበት ያለው ፓምፕ ገዝቶ መጣ። ቱቦው አልገባ ሲለው የክዳኑን ጠርዝ በመጋዝ ቆረጠለት። ፓምፑ ሲነሳ ቅጠሉ ሁሉ እየተሽከረከረ አንድ ጥግ ሄዶ ተከመረ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ሆልገር። ባዶው ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር መገኘቱም ደስ አሰኝቶታል።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ገረጡ። ቀኑን ሙሉ ከጎርፉ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። ምግብ ሲነሰንስላቸው አፋቸው ሳይደርስ ውሃው ይወስደዋል። ምግብ ጨመረ፣ አልሆነም። ፓምፑን አጠነከረ፣ ባሰ።

ከልጁም ጋር ያው ነው። ሲድሰል እሑድ እሑድ ከሪበ ከተማ በባቡር ትመጣለች። እሱ ኮቷን እስክታወልቅ እንኳ አይታገስም። ያ መሥሪያ ቤት ለአንቺ አይሆንም፣ ሌላ ፈልጊ፤ ከአስገር ጋር ምን ትጠብቃላችሁ፣ ተጋቡ እንጂ ይላታል። እሷ «እሺ አባዬ» ትልና በመጀመሪያው ባቡር ትመለሳለች።

አንድ የታኅሣሥ እሑድ ጥቁር ዳቦ ላይ ኮምጣጤ የገባበት ዓሣ አስቀምጦ ሲበላ፣ «በወገኖቹ ፊት ስትበላው አታፍርም?» አለችው።

«እነሱ የሞቃት አገር ወንዝ፣ ይሄ የኛ ባሕር። የት ይተዋወቃሉ!»

ሳቅ ብላ ወደ ገንዳው ሄደች። መጋረጃው ሥር አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ እንደ ቅጠል የደረቀ ዓሣ ነው።

«ክዳኑን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ። ውሃው እንዲንቀሳቀስላቸው ብዬ።»

«አባዬ፣ እነዚህ የረጋ ውሃ ፍጥረቶች ናቸው። ሲጨንቃቸው ይዘላሉ። እማዬ አጠገባቸው በር እንኳ በኃይል አትዘጋም ነበር። አንተ ዝም ያለ ነገር ሁሉ የሞተ ይመስልሃል።»

ሆልገር ፊቱ ቀላ። «ለነሱው ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ለኔም ብለህ ነው።»

ሆልገር ተንበርክኮ ፓምፑን ከሶኬቱ ነቀለው። ቤቱ ጭር አለ። የልጁን ትንፋሽ ሰማ።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጭው ገና በከሰዓቱ ጨለመ፤ የገንዳው መብራት ብቻ ቀረ። ቅጠሉ ከጥጉ እየተላቀቀ ቀስ በቀስ ተበተነ። ሆልገር ስለ ሥራዋ ሊጠይቃት ከንፈሩ ድረስ መጥቶበት ዋጠው። በመጨረሻ አንድ ወንድ ዓሣ ከቅጠሉ ሥር ብቅ ብሎ ጅራቱን ዘረጋ።

«አስገር ሄዷል» አለች ሲድሰል፣ ዓይኗን ከዓሣው ሳትነቅል። «ከሰኔ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። እማዬ ታውቅ ነበር።»

«ያ የማይረባ…!» ብሎ ግማሽ ተነሳ። ጠበቃ ሊፈልግላት፣ ሄዶ አስገርን በኮሌታው ሊይዘው፣ ዕቃዋን በመኪና ሊያመጣ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣለት። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከዚያስ?» አለ ብቻ።

እሷም አወራችለት። ከቀብሩ ወዲህ ዕንባዋን አይቶት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አለቀሰች። እጁን የት እንደሚያደርግ ጨንቆት በመሐላቸው ሶፋው ላይ ተወው፤ እሷ ራሷ አንስታ ያዘችው። የመጀመሪያው ባቡር አመለጣት፣ ቀጥሎ ያለውም።

በማግሥቱ ሆልገር የቆረጠውን ክዳን በፕላስቲክ ገጥሞ ደፈነው፤ ፓምፑን ለጎረቤት ሰጠ። ከዓሦቹ ሁለቱ አልተረፉም። የቀሩት ቀለማቸው ተመለሰ። ፀደይ ሲገባም አንድ ቀን ከቅጠሉ ሥር ሽፋሽፍት የሚያካክሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ጫጩቶች ናቸው። ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው የምታንሾካሹከው?»

«ወልደዋል! እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ነው።»

ሲድሰል ሳቀች፤ ረጅም ሳቅ። እሱም ነይ አላላትም። ሐሙስ ዕለት በሥራ መሐል፣ ሳታስታውቀው መጣች።